የአስር አለቃው ሳክስፎን

ሳክስፎኑን የሸጠችልኝ ሴት የለመነችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«እዚህ ሰፈር እንዳትነፋው» አለችኝ። «እናቴ ድምፁን ከሰማች ትታመምብኛለች። ሌላ ቦታ እንደፈለግክ አድርገው።»

እሺ አልኳት። ቤታቸው ሳንሱሲ ነው፤ እኔ የምኖረው አጠና ተራ። እንጀራዬ ሰርግ ላይ መንፋት ነው፤ ሰርግ ደግሞ በከተማው ሁሉ አለ። አንድ ሰፈር ቢቀርብኝ ምን እጎዳለሁ?

አባቷ ከወታደር ባንድ በአስር አለቃ ማዕረግ ጡረታ የወጡ ሳክስፎን ነፊ ነበሩ። ከሞቱ ዓመት አልሞላቸውም። የእኔ ሳክስፎን በየድንኳኑ ሲወድቅ ሲነሳ አንገቱ ተሰንጥቆ ሁለት ሰርግ በውሰት መሣሪያ ስለሠራሁ፣ ወሬውን የሰማሁ ዕለት ነው በታክሲ የበረርኩት። ልጃቸው የፕላስቲክ ዕቃ የምትሸጥበትን ሱቅ ዘግታ ጠበቀችኝ። ሳጥኑን ከአልጋ ስር ጎትታ አወጣችው። ሲከፈት የናፍታሊን ሽታ ወጣ። መሣሪያው በነጭ መሀረብ ተሸፍኗል፤ መሀረቡ በአራት ታጥፎ በእጅ ተስተካክሏል። ልታነሳው እጇን ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው።

«አንተው አንሳው» አለችኝ።

ቤቴ ገብቼ አፌ ላይ ሳደርገው ነው የገባኝ። አፍ መክተቻው ላይ ጥርስ የሚያርፍበት ቦታ ተቦርቡሮ ሁለት ትንንሽ ጎድጓዳ ሠርቷል። አርባ ዓመት አንድ ሰው የነከሰው ቦታ ነው። የእኔ የፊት ጥርሶች ልክ እዚያው ውስጥ ገቡ። አፍ መክተቻውን ልቀይረው አሰብኩ፤ ድምፁን ስሰማ ግን ተውኩት፤ እንደዚያ ያለ ድምፅ አውጥቼ አላውቅም ነበር። የታችኛው ቁልፍ ሲጫኑት «ቀጭ» ይላል። ከስሩ ከነጠላ ጫማ የተቆረጠ ጎማ ተለጥፎበታል፤ የአስር አለቃው የራሳቸው ጥገና መሆን አለበት። መርካቶ ያለ አንድ ጠጋኝ ሁለቴ ፈታትቶ ገጠመው። ሁለቴም «ቀጭ» አለ።

እኛ ሦስት ነን፤ ኦርጋን የሚጫወተው ጓደኛዬ፣ ድምፃዊቷና እኔ። ቅዳሜና እሁድ ሞንታርቦውን ታክሲ ላይ ጭነን እንወጣለን። ጠዋት አስኮ ሙሽራ እናስወጣና ቀትር ላይ አየር ጤና እናስገባለን። ጉራጊኛው ይጠየቃል፣ ኦሮምኛው ይጠየቃል፣ ወላይትኛው ይጠየቃል፤ የሙሽራው አጎት ደግሞ ሁልጊዜ እኛ የማናውቀውን ዘፈን ነው የሚፈልገው። ምሳችንን ከድንኳኑ ጀርባ ቆመን እንበላለን። ዓቢይ ጾም ሲገባ የሙስሊሙ ሰርግ ያኖረናል፤ ረመዳን ሲገባ የክርስቲያኑን እንጠብቃለን። ሁለቱ የተገጣጠሙ ዓመት ቤት ተቀምጠን እንለማመዳለን።

አዲሱን ሳክስፎን ከያዝኩ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ልምምድ ላይ እያለን ጓደኛዬ እጁን ከኦርጋኑ አነሳ።

«ይሄን ከየት አመጣኸው?»

«የቱን?»

«የመጨረሻዋን፤ ስትጨርስ የምታንቀጠቅጣትን። እንደ ድሮ ሰዎች እኮ ነው የምትነፋው።»

አላወቅኩም ነበር። በስልኩ ቀርጾ አሰማኝ። እውነቱን ነው። ሰልፍ ላይ እንደሚነፋ ሰው ትንፋሼን ቀጥ አድርጌ እይዛለሁ፤ መጨረሻዋ ላይ ብቻ፣ እንደሚለምን ሰው፣ አንቀጥቅጬ እለቃታለሁ። ማንም አላስተማረኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለብቻዬ ስለማመድ ጀርባዬን ግድግዳ አስደግፌ መቀመጥ ጀመርኩ። ለምን እንደሆነ ለራሴም አልነገርኩትም።

አንድ ቅዳሜ ጓደኛዬ «የዛሬው ሳንሱሲ ነው» አለኝ። ሳንሱሲ ሰፊ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ስንደርስ ድንኳኑ የተተከለው አረንጓዴ የቆርቆሮ በር ካለው ከአስር አለቃው ቤት ሁለት ቤት አለፍ ብሎ ነው።

«እኔ እዚህ አልነፋም» አልኩት።

«ምን ማለት ነው አልነፋም? ሙሽሮቹ አስኮ ደርሰዋል።»

«ቃል ገብቻለሁ።»

«ለማን?»

መልስ ሳልሰጠው መኪኖቹ ጡሩምባቸውን እየነፉ መጡ። ሴቶቹ እልል አሉ። ድምፃዊቷ ጀምር እንጂ በሚል ዓይን አየችኝ። ማይኩን ከሳክስፎኑ አራቅኩ፣ ጀርባዬን ለአረንጓዴው በር ሰጠሁ፣ ቀስ ብዬ ነፋሁ። ሳክስፎን ግን ቀስ ስላሉት አይደበቅም።

ሦስተኛው ዘፈን ላይ ሰዉ መንገድ ሲከፍት አየሁ። አንዲት አሮጊት፣ የቤት ቀሚስ የለበሱ፣ አንድ እግራቸው ላይ ብቻ ነጠላ ጫማ ያደረጉ፣ ቀጥ ብለው ወደ እኔ ይመጣሉ። እንግዳው፣ የሙሽራው ዘመድ ሊመርቁ የመጡ መስሎት፣ አጨበጨበ። ፊቴ ቆሙ። እኔን አላዩኝም፤ የሚያዩት ሳክስፎኑን ነው።

«አስር አለቃ፣ ምሳ ቀርቧል እኮ። ስንት ጊዜ ልጥራህ?» አሉኝ።

ሰዉ ሳቀ። እኔ ሳክስፎኑን ከአፌ አወረድኩ። ያቺን «ቀጭ» የምትል ቁልፍ ሁለት ግቢ አልፋ ሰምተዋታል።

ልጃቸው የቀረችውን ጫማ በእጇ ይዛ እየሮጠች ደረሰች። ስታየኝ ፊቷ ተለዋወጠ። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እናቷ ግን ክንዴን ይዘው «ና እንጂ፣ ይቀዘቅዛል» ሲሉኝ እሷም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ና» አለችኝ። «እባክህ፣ እስከ ቤት ድረስ ብቻ።»

ሳክስፎኑን አንገቴ ላይ እንዳንጠለጠልኩ ተከተልኳቸው። ሳሎኑ ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ሽሮና ጎመን ለሁለት ሰው ቀርቧል። ማንም አልነካውም። አሮጊቷ እንደተቀመጡ እኔን ረሱኝ። መብላት ጀመሩ፤ እንደራበው ሰው፣ ቀና ሳይሉ። ልጃቸው የበሩን መቃን ተደግፋ አለቀሰች።

«እህል ከቀመሰች ሦስት ቀኗ ነው» አለችኝ። «አባትሽ ሳይበላ አልበላም ትላለች። መሞቱን ረስታዋለች። በነገርኳት ቁጥር እንደ አዲስ ነው የምታለቅሰው።»

ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት አቋረጠችኝ።

«ትመጣልናለህ?»

ማክሰኞና ሐሙስ ልምምድ የለንም። በምሳ ሰዓት እሄድ ጀመር። እንዳያዩኝ በጓሮ በር ገብቼ የአስር አለቃው መኝታ ክፍል ውስጥ እቀመጣለሁ። ከሳሎኑ የሚለየን አንድ በር ነው። እኔ እነፋለሁ፤ እሳቸው ይበላሉ። ከበሩ ወዲያ ድምፃቸው ይሰማኛል።

«ዛሬ ደህና ነው» ይሏታል ልጃቸውን። «ትናንት ግን ትንፋሽ አጥሮት ነበር።»

ትናንት አልመጣሁም። ትናንት ማን እንደነፋላቸው አላውቅም።

ክፍሉ እንደነበረ ነው የተተወው። ካፖርታቸው ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል። አስር አለቃው ከግድግዳው ፎቶ ላይ፣ በሰልፍ ልብስ፣ ሳክስፎኑን ደረታቸው ላይ አድርገው ያዩኛል። ነጠላ ጫማቸው አልጋው ስር አለ፤ የአንደኛው ተረከዝ ጥግ በምላጭ ተቆርጧል። እሱን ያየሁ ቀን ብዙ ቆይቼ ነው መንፋት የጀመርኩት። አንድ ሐሙስ ደግሞ ዝናብ ደብድቦኝ ገባሁና ጫማዬን አውልቄ ተቀመጥኩ። ሁለት ሦስት ዜማ ነፍቼ ዝቅ ብዬ ሳይ እግሮቼ ነጠላ ጫማው ውስጥ ናቸው። መቼ እንዳስገባኋቸው አላስታውስም። ልኬ ነው።

ሰርግ ላይም እየተበላሸሁ መጣሁ። ሙሽራ እያስጨፈርኩ ዓይኔ የድንኳኑ በር ላይ ነው። ድምፃዊቷ «ማንን ነው የምትጠብቀው?» ትለኛለች። አንድ እሁድ አስኮ፣ ዕቃ እየጫንን ሳለ፣ ከኋላዬ «አስር አለቃ!» የሚል ድምፅ ሰምቼ «አቤት» ብዬ ዞርኩ። አንድ ሰውዬ ጎረቤቱን እየጠራ ነው። ጓደኛዬ የያዘውን ሞንታርቦ መሬት አስቀመጠ።

«ይሄን ነገር ተወው» አለኝ። «ሰውየው ሞተዋል። ይሙቱ፣ ተዋቸው።»

እተዋለሁ አልኩት። ማክሰኞ ግን ሄድኩ።

የዚያን ቀን ልጃቸው ዳቦ ልትገዛ ወጣ ብላ ነበር። አንድ ዜማ ጨርሼ ትንፋሽ ስሰበስብ በሩ ተከፈተ። አሮጊቷ ገብተው አልጋው ጫፍ ላይ ከአጠገቤ ተቀመጡ። ፊቴን አዩት። አሁን ይነቃሉ፣ አሁን ይጮሃሉ ብዬ ጠበቅኩ።

«ዝም አልክ?» አሉኝ።

ሳክስፎኑን አልጋው ላይ አስቀመጥኩ።

«ያን ቀንም ዝም ነው ያልከው። ራሴን አሞኝ ነበር። በቃህ፣ አርባ ዓመት ጆሮዬን በላኸው፣ ዝጋው ያንን ነገር አልኩህ። አንተ አንዲት ቃል ሳትመልስ ጠረግከው፣ መሀረቡን አጥፈህ አለበስከው፣ ሳጥኑን ዘጋህ። በረንዳ ወጥተህ ተቀመጥክ። ምሳ ቀርቧል ብዬ ሁለቴ ጠራሁህ። አኩርፎ ነው ብዬ እኔም አኮረፍኩ። ብቻዬን በላሁ።»

እጃቸው ጉልበቴ ላይ ነበር፤ ቀላል፣ ደረቅ፣ ቀዝቃዛ።

«ተቀይመኸኝ ነው የሄድከው?»

እኔ ሰርግ ላይ የምነፋ ሰው ነኝ። ይህን ጥያቄ መመለስ የሚችሉት አንድ ሰው ናቸው፤ እሳቸውም አፈር ከለበሱ ቆይተዋል። ማለት የነበረብኝ «እማማ፣ ተሳስተዋል፣ እኔ ሌላ ሰው ነኝ» ነበር። አፌን ስከፍት የወጣው ግን ሌላ ነው።

«አልተቀየምኩም» አልኩ። «ደክሞኝ ነበር እንጂ።»

ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ጎርነን ያለ ነበር። የእኔ ድምፅ ቀጭን ነው።

አሮጊቷ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። ጉልበቴን መታ መታ አደረጉና «እንግዲያው አረፍ በል» ብለውኝ ወጡ። በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት፤ የተኛ ሰው እንዳይቀሰቅስ እንደሚጠነቀቅ ሰው።

ከዚያ በኋላ ሳክስፎን አልጠየቁም። ሐሙስ ሄጄ ስነፋ ልጃቸውን «ሰርግ አለ እንዴ ሰፈር ውስጥ?» ብለው ጠየቋት። ያለ እኔ ይበሉ ጀመር። እንቅልፍም ይተኛሉ አለችኝ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት፤ ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር። ፊቷ ጠቆረ።

«አባቴን ወክለህ ይቅር የምትል አንተ ማን ነህ?» አለችኝ። «ንፋ አልኩህ እንጂ ተናገር አልኩህ?»

ሳክስፎኑን ሳጥኑ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ። ጥያቄዋ ዛሬም አልለቀቀኝም። አንዳንዴ፣ አንዲት የጨነቃት ሴት እንድትተኛ አደረግኩ፣ ምን ክፋት አለው እላለሁ። አንዳንዴ ደግሞ የሰው ቤት ገብቼ የማይሰረቅ ነገር እንደሰረቅኩ ይሰማኛል። በነጋታው ሄጄ አዲስ አፍ መክተቻ ገዛሁ። የእሳቸውን በመሀረቡ ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት። ድምፄ ሳሳ፤ ጓደኛዬ ግን «አሁን አንተ ነህ» አለኝ። የታችኛው ቁልፍ አሁንም ይጮሃል።

ክረምቱ ሲወጣ አሮጊቷ አረፉ። ወሬውን የሰማሁት ከድምፃዊቷ ነው። በሦስተኛው ቀን ከቀትር በኋላ ለቅሶ ደረስኩ። አረንጓዴው በር ላይ ድንኳን ተተክሏል። አንድ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ከአሁን አሁን ውጣ ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ ጥቁር ለብሳ መጣችና አጠገቤ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች።

«እናቴ ያለችህን ቃል በቃል ንገረኝ» አለችኝ።

ነገርኳት። መሀረቡን፣ በረንዳውን፣ ብቻቸውን የበሉትን ምሳ።

«ሁለቴ ጠራሁህ አለች?»

«አዎ።»

አቀረቀረች።

«አባቴ እኔ ጋም ደውሎ ነበር» አለችኝ። «በሞተበት ቀን፣ ከምሳ በፊት። ሱቅ ውስጥ ሰው በዝቶብኝ ነበር፤ በኋላ እደውልልሃለሁ ብዬ ዘጋሁበት። ምን ሊለኝ እንደነበረ አላወቅኩም። ለእሷም ነግሬያት አላውቅም።»

ቀና ብላ አየችኝ። አንድ ነገር እንድላት እየጠበቀች ነበር። ያ ጎርናና ድምፅ ጉሮሮዬ ድረስ ሲመጣ ተሰማኝ። ዋጥኩት።

«እሳቸውን አንድም ቀን አግኝቻቸው አላውቅም» አልኳት፣ በራሴ ቀጭን ድምፅ።

«አውቃለሁ» አለች።

አዲስ ለቅሶ ደራሾች እየገቡ ስለነበር፣ ነጠላዋን አስተካክላ ልትቀበላቸው ተነሳች።