የሰርኬ ድርብ

ንፋስ መውጫ መናኸሪያ፣ ሚኒባሱ እስኪሞላ ስጠብቅ፣ ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት ክዳን ያለው ባልዲ ጭኗ ላይ አቅፋ ነበር። በየጥቂት ደቂቃው ክዳኑን ትከፍትና አንዱን አንስታ፣ አገላብጣ አይታ፣ መልሳ ትከድነዋለች። የተቆላ ገብስና የስኳር ሽታ መጣብኝ። እኔ ደግሞ ቁርስ አልበላሁም።

«እህቴ፣ ቁርስ አልበላሁም፤ ሁለት ብትሸጭልኝ?» አልኳት።

«አይሸጥም።»

«ታዲያ ሽታውን ለምን ትለቂብኛለሽ?»

ልትስቅ ብላ ተወችው። «የሰው ነው። ይቅር በይኝ» አለችና ባልዲውን ወደ መስኮቱ አዞረችው።

ረዳቱ ግን አወቃት። «ሰርኬ! ድርብ ይዘሽ አይሸጥም? ስምንተኛው ሺህ ደረሰ በሉኛ!» ተሳፋሪው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። መኪናው ከተማውን ለቆ ሲወጣ አሁንም ክዳኑን ከፍታ እያገላበጠች ታይ ነበር።

ድርብን ለንፋስ መውጫ ሰው መንገር አያስፈልግም፤ ለሌላው ልንገር። መዳፍ የሚያህሉ ሁለት ስስ የስንዴ ቂጣዎች ናቸው። በመሃላቸው በስኳር የታሸ በሶ ይገባል፤ ዳር ዳሩ በሹካ ተጭኖ ይዘጋል፤ ከዚያ በደረቁ ይጋገራል። ሊበላ ሲል እንደገና ፍም ላይ በተጠፈጠፈ የዘይት ቆርቆሮ ይሞቃል። ያን ጊዜ ዳሩ ይንኮሻኮሻል፣ መሃሉ ይለሰልሳል። ሃያ ቀን ቢቆይ አይበላሽም፤ ኪስ ውስጥ ቢከቱት ኪስ አያበላሽም። ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት የሚነሳ ሾፌር አንዱን በአንድ እጁ ይዞ፣ በሌላው መሪውን ጨብጦ ይሄዳል። ይህን ሁሉ በልቼ አውቀዋለሁ፤ የሠራችውን ሴት ግን ያን ቀን ነው ያወቅኋት።

«ከየት አመጣሽው?» ብላት ነው ወሬው የተከፈተው።

«የአክስቴ ልጅ ብሩክታዊት ከቤሩት ስትመለስ አንድ ካርቶን ይዛ መጣች» አለችኝ። «ብልጭ በሚል ወረቀት ሁለት ሁለት ሆኖ የታሸገ፣ በመሃሉ ማርማላታ ያለበት። ማሞቂያውንም አምጥታለች። በኤሌክትሪክ ነው፤ ትከቺዋለሽ፣ ትንሽ ቆይቶ ዘሎ ይወጣል። መጀመሪያ ዘሎ ሲወጣ እናቴ በስመ አብ ብላ ከቤት ወጣች።»

«ይጥማል?»

«ይጣፍጣል። ግን ትንሽ ካርቶን ካርቶን ይላል። ብሩክታዊት በፈረንጅ አገር ቁርስ ለመሥራት ጊዜ የሌለው ሰው ነው የሚበላው ስትለኝ ሳቅሁባት። ቁርስ ለመሥራት ጊዜ የሌለው ምን ዓይነት ሰው ነው? ብዬ። በማግሥቱ ሻይ ልሸጥ መናኸሪያ ስወርድ ሾፌሮቹን አየኋቸው። ለካ ያ ሰው እኛም አገር አለ።»

ማሞቂያው ሳምንት አልቆየም፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ ጨሶ ቀረ። ካርቶኑም አለቀ። ማርማላታ ከየት ይመጣል? በሶ ግን አለ። የባሏ የጌታነህ እርሻ ገብስ ነበር፤ እሱ ከሞተም በኋላ ከእርሻው የሚደርሳት ገብስ ነው። በሶውን በስኳር አሸችው፣ ቂጣውን በጠርሙስ ዳመጠችው። የመጀመሪያው ተሰነጠቀ፣ ሁለተኛው አረረ፤ ሦስተኛውን አንድ ሾፌር በልቶ «ሌላ አለ?» አላት። ከዚያ በኋላ ሻዩ ጎን ሆነ፣ ድርቡ ዋና ሆነ። ሰባት ዓመት።

«ሁለት ዓይነት ነው» አለች። «የጾሙን በዘይት ነው የማሸው፤ የፍስኩን በቅቤ። እንዳይምታታብኝ የጾሙን ላዩን በሹካ መስቀል አድርጌ እወጋዋለሁ፤ ፍስኩን ሦስት መስመር። ከተማው ሁሉ ምልክቴን ያውቃል። ካህን ሳይቀር ዓይኑን ጨፍኖ ከእጄ ይበላል።»

እዚህ ላይ ስትደርስ ባልዲውን እንደገና ከፈተች። አሁን ምን እንደምታይ ገባኝ፤ ሁሉም ላይ መስቀል አለ። ቢሆንም ታገላብጣለች።

«ሰርኬ፣ ምን ሆንሽ?» አልኳት።

ተሳፋሪውን በዓይኗ ዞር ብላ አየችና አፏን ወደ ጆሮዬ አስጠጋች።

«የኔታ ቀለመወርቅን ታውቂያቸዋለሽ? የቤተ ልሔም ደብሩን? ቄስም መሪጌታም ናቸው። ባለቤታቸው ካረፈች ወዲህ ሃያ ሁለት ዓመት ቅቤ በአፋቸው አልዞረም። ተስለው ነው፤ ለእሷ ነፍስ። በፍስክም አይበሉም። ነሐሴ ላይ፣ ፍልሰታ ገብቶ፣ ለጉልበታቸው መድኃኒት ሊገዙ መጥተው ዝናብ ቤቴ አስገባቸው። ዘጠኝ ሰዓት አልፏል፣ ምንም አልቀመሱም። ደስታዬን ልነግርሽ አልችልም። የኔታ እኔ ቤት! ጣሳዬን ስከፍት ያለቀ መሰለኝ፤ እጄን እስከ ሥሩ ከተትሁ፣ ሦስት አገኘሁ። አሙቄ ሁለቱን ሰጠኋቸው። በሉ፣ መረቁኝ፣ ዝናቡ ሲያባራ ሄዱ። ሦስተኛውን ለራሴ ሳነሳ...»

«ሦስት መስመር» አልኳት።

ዓይኗን ጨፈነች። «ቤቱ ጨለማ ነበር፤ እኔን ጉንፋን ይዞኛል፣ ሽታ የለኝም። ግን እሱ ምክንያት አይሆንም። ሐምሌ ሠላሳ የቀረውን ፍስክ ለጎረቤት ሕፃናት አድዬ ጣሳውን ማጠብ ነበረብኝ። አልሰጠሁም። የቅቤውን ዋጋ አስቤ አሳዘነኝ። ከሥር ይቆይ፣ ጾሙ ሲፈታ እሸጠዋለሁ አልሁ፤ የጾሙን ከላዩ ደረደርሁበት። ይኸው ነው። ስስቴ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ሁለት ወር ሊሞላ ነው። የኔታ ማኅሌት መቆም ትተዋል። ሰው «ጉልበታቸው ነው» ይላል። ሰርኬ ግን አታምንም፤ ቅቤውን አውቀውታል፣ አውቀውም ራሳቸውን ከቤተ መቅደስ አርቀዋል ብላ ነው የምታስበው። ሌሊት እንቅልፍ አይወስዳት፣ ቀን አይበላላት። ሠርታ ትሸጣለች፣ ግን እያንዳንዱን አስር ጊዜ ታገላብጣለች። ለንስሐ አባቷ እንኳ አልነገረችም፤ ከተነገረ ይሰማል፣ ከተሰማ በንፋስ መውጫ ማን ከእጇ ይበላል?

«ታዲያ ዛሬ?»

«ዛሬ እነግራቸዋለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የእርስዎ ጾም አልፈረሰም፣ ወደ ማኅሌትዎ ይመለሱ እላቸዋለሁ። ከዚያ ከዚህ አንድ ከቀመሱልኝ ሰው ሆኜ እመለሳለሁ። ካልቀመሱልኝ...»

ወደ ቤተ ልሔም የሚያስገባው መገንጠያ ስንደርስ መኪናው ቆመ። ከፊታችን አምስት ስድስት መኪና ተሰልፏል። ሾፌሩ ወርዶ አጣርቶ ተመለሰ። «መንገዱ ዝግ ነው። እስኪከፈት እንጠብቃለን፤ ሁለት ሰዓትም ሊሆን ይችላል።» እኔ መካነ ኢየሱስ ነበር የምሄደው። ሰርኬ ባልዲዋን ይዛ ወረደች፣ ሦስት እርምጃ ሄደች፣ ተመለሰች።

«በሞቴ፣ አብረሽኝ ግቢ። እግሬ ብቻውን አይሄድልኝም።»

ሄድሁ። ያልታጨደ ስንዴ መሃል ለመሃል ግማሽ ሰዓት ያህል ተጓዝን። ስትሄድ የምትናገረውን ትለማመዳለች፤ «የኔታ፣ ይፍቱኝ» ትልና መልሳ «አይ፣ መጀመሪያ ጤናቸውን ልጠይቅ» ትላለች። ሁለት ጊዜ ልመለስ አለችኝ። ሁለት ጊዜ ባልዲውን ተቀብያት እፊት እፊቷ ሄድሁ። ልክ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

የኔታ መደብ ላይ ጋቢ ለብሰው እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። የምታስታምማቸው የእህታቸው ልጅ ተዋበች ናት። ጉልበታቸው በጨርቅ ተጠቅልሏል፣ አብጧል፤ ለማንም ዓይን ግልጽ ነው። እኔ እንኳ አይቼ «ይህ ጉልበት ነው እንጂ ሌላ አይደለም» አልሁ በሆዴ። ሰርኬ ግን አላየችም። ከደጃፉ ተንበረከከች።

«ሰርኬ? የድርቧ ሰርኬ?» አሉ የኔታ ፊታቸው በርቶ። «ነይ፣ ግቢ። ምነው ከመሬት?»

«ይፍቱኝ የኔታ። በፍልሰታ ቅቤ አበላሁዎ።»

የተለማመደችው ሁሉ ቀረ። እንዲሁ ወደቀ ከአፏ። ተዋበች እጇን አፏ ላይ ጫነች። «በፍልሰታ? ኧረ በእመቤቴ!»

የኔታ ቀስ ብለው «የትኛውን?» አሉ። «ያን በዝናቡ ቀን?»

«አዎ የኔታ። በስስቴ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እርስዎ ምንም የለብዎ። ወደ ማኅሌትዎ ይመለሱ።»

«ማኅሌቱን ያስቀረኝ ጉልበቴ ነው፣ ልጄ። አላወቅሁም ነበር።»

ሰርኬ ቀና ብላ አየቻቸው፤ ከዚያ ጉልበታቸውን አየች። አሁን ገና አየችው።

«አላወቅሁም» አሉ ደግመው፣ ለእኛ ሳይሆን ለራሳቸው። «ያን ቀን ከቤትሽ ወጥቼ መንገዱን ሙሉ ሳለቅስ ነው የሄድሁት። የእሷ እጅ መሰለኝ። የዓለሚቱ፣ የባለቤቴ። በሶ ስታሽልኝ እንደዚያ ነበር አፌ ላይ የሚቀረው። ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ቀን በሕልም እንኳ አልመጣችልኝም፤ እግዚአብሔር ጾሜን አይቶ በጣዕም ላከልኝ ብዬ አመሰገንሁ። በየጸሎቱ አመሰገንሁ።» እጃቸውን ከንፈራቸው ላይ አሳረፉ። «ቅቤ ነው ለካ።»

ከአጥሩ ወዲያ ዜማ የሚያጠና ድምፅ ይሰማል፤ ይሳሳታል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይጀምራል።

ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው የሰርኬን ራስ ነኩ። «እግዚአብሔር ይፍታሽ። ያላወቁት አያስጨንቅም፤ አትጨነቂ።» የመስቀሉን ምልክት ሠሩላት። ባልዲውን ከፍታ አንድ ድርብ በሁለት እጇ አቀረበችላቸው። ተቀበሉት። ላዩ ላይ የተወጋውን መስቀል በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። መልሰው እጇ ላይ አኖሩላት።

«ቂም ይዤ አይደለም» አሉ። «አፌ ላይ የቀረችውን እንዳላጠፋት ነው። ቅቤም ብትሆን።»

ስንወጣ ተዋበች እስከ አጥሩ ሸኘችን። «ሰርኬዬ፣ መቼም ሰው ይሳሳታል» አለች፤ ግን ቅዳሜ ገበያ ንፋስ መውጫ እንደምትወጣ፣ ከወጣችም ዝም እንደማትል ሦስታችንም እናውቃለን። ሰርኬም ዝም በይልኝ ብላ አልለመነቻትም።

እስከ መገንጠያው ባልዲውን እሷው ተሸከመች። ስንመጣ እኔ ነበርሁ ባልዲውን ተቀብዬ ከፊት የሄድሁት፤ ይህ ዛሬም ከአንጀቴ አልወጣም። መንገዱ ተከፍቶ ሾፌሩ ጡሩምባ ይነፋል። ወደ ንፋስ መውጫ የሚመለስ መኪናም ከማዶ ቆሟል። ገብቼ ቦታዬ ስቀመጥ ሰርኬ ባልዲውን አምጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠች።

«ቁርስ አልበላሁም ብለሽኝ አልነበር? ብይው። የጾም ነው፣ አገላብጠሽ እይው።»

«ቅዳሜስ ትወጫለሽ?» አልኳት በመስኮቱ።

ነጠላዋን አስተካከለች። ሚኒባሱ መንቀሳቀስ ሲጀምር ጥቂት እርምጃ አብራ ሄደች፣ መስታወቱን በጣቷ ይዛ።

«የቅዳሜውን ተይው» አለችኝ። «አንቺ ሁሉንም ሰምተሻል። ቅቤውን ይቅር ብለውኛል፣ አይደል? መንገሬንስ?»