ለክፉ ቀን የተሰጠ ፓወር ባንክ

አባቴ ጣራ ገዳም ጠበል ሊጠመቁ ሲነሱ ዳቦ ቆሎ፣ ወፍራም ሹራብና ፓወር ባንክ ሰጠኋቸው። ዳቦ ቆሎውንና ሹራቡን ዝም ብለው ተቀበሉኝ። ፓወር ባንኩን ግን በእጃቸው መዘን መዘን አደረጉት።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የስልክዎ ስንቅ ነው፤» አልኳቸው። «እዚያ መብራት የለም። ስልክዎ ሊዘጋ ሲል ገመዱን ይሰኩትና ይሞላልዎታል። ለክፉ ቀን ይሆንዎታል።»

ቁልፉን ተጫንኩና አራቱን ትንንሽ ሰማያዊ መብራቶች አሳየኋቸው። እሳቸውም ገመዱን ሰክተው፣ ነቅለው አሳዩኝ። አንዴ ያዩትን የሚረሱ ሰው አይደሉም። በፌስታል ጠቅልለው ከሹራቡ ውስጥ ሸጎጡትና ወደ ወረታ በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፈሩ።

እኔ ደብረ ታቦር ገበያው አጠገብ ልብስ እሰፋለሁ። አባቴ ከከተማው ወጣ ብሎ ገብስና ስንዴ ያርሳሉ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ያሉኝ እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ስለዚህ ለሳቸው የማልፈራው ነገር የለም። ዝናብ ሲመጣ እፈራለሁ፣ ሲያስሉ እፈራለሁ። ስፈራ ደግሞ እቆጣለሁ፤ የሚያውቁኝ ሁሉ ይህን ያውቃሉ። ሲሄዱም በየማታው ካልደወሉልኝ ወየውልዎ ብዬ አስጠንቅቄያቸው ነበር።

እንደ ቃላቸው ደወሉ። ጠበሉ እንደሚቀዘቅዝ፣ ጉልበታቸው ግን ቀለል እንዳላቸው ነገሩኝ። ከዚያ አንድ ማታ ሳይደውሉ ቀሩ። በማግስቱ መንገድ ተዘጋ ተባለ። ከግማሽ መንገድ የተመለሰ ሾፌር ሱቄ ፊት ለፊት ቆሞ ጣራ ገዳም ባለበት በአዲስ ዘመን ከተማ በኩል ተኩስ እንዳለ ሲያወራ ሰማሁ። መቀሱን ትቼ ስልኬን አነሳሁ።

ደወልኩ። ያቺ ድምጿ የተቀዳ ሴትዮ ስልኩ ዝግ እንደሆነ ነገረችኝ። ደግሜ ደወልኩ፤ ደግማ ነገረችኝ። ስንቴ እንደሰደብኳት አላውቅም።

ክፉው ነገር ፓወር ባንኩ ነበር። እሱ ባይኖር ኖሮ ባትሪ ጨርሰው ነው፣ በገዳሙ መብራት የለ፣ ብዬ እጽናና ነበር። ጎረቤቶቼም እንደዚያ እያሉ ሊያጽናኑኝ ሞከሩ። እኔ ግን ባትሪ ሊጨርሱ እንደማይችሉ አውቃለሁ። ስንቁን በገዛ እጄ ነው የሰጠኋቸው። እንግዲህ ስልኩ የተዘጋው ስልኩን የሚከፍተው ሰው ባይኖር ነው። ይህን ሳስብ አሞራ ሲያንዣብብባቸው በሐሳቤ ታየኝና ስፌቱን ትቼ ተነሳሁ።

ፓወር ባንኩን የሸጠልኝ ነጋዴ ሱቁ ከሱቄ ጎን ነው። ሄጄ ጮኽኩበት።

«ምን ዓይነት ዕቃ ነው የሸጥክልኝ? የተበላሸ ነው አይደል?»

«ወላሂ፣ እህቴ፣» አለ ደረቱን ይዞ፣ «እኔ ራሴ ቤቴ ውስጥ የምጠቀምበት ዓይነት ነው። የሱን ያህል ጠንካራ የለም።»

ምናለ ተበላሽቷል ቢለኝ! ዕቃው በተመሰገነ ቁጥር የአባቴ ነፍስ የራቀች መሰለኝ። እዚያው በርጩማው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ሰውየው ደነገጠ። በራሱ ስልክ ሞከረ፣ ዝግ ነው። «አላህ በሰላም ይመልሳቸዋል፤» አለኝ፤ ዓይኔን ግን ሊያይ አልቻለም።

መንገዱ ሲከፈት ሚኒባስ በመጣ ቁጥር መናኸሪያው በር ላይ እቆም ነበር። አንድ ከሰዓት ቢጫ ጀሪካን ቀድሞ ወረደ፣ ቀጥሎ የማውቀው ሹራብ፣ ቀጥሎ አባቴ። ጉልበታቸውን ስሜ ተነሳሁ። ወዲያው ቁጣዬ መጣ።

«ስልክዎስ?»

«ዘጋ እኮ፤ ባትሪው አለቀ።»

«የሰጠሁዎትስ ዕቃ?»

«አለ። ምን ይሆናል ብለሽ?»

ከሹራባቸው ሥር ፌስታሉን አውጥተው ፈቱት። ቁልፉን ስጫነው አራቱም መብራቶች በሩ። ሳይነካ ሄዶ ሳይነካ ተመልሷል።

«አባባ፣ ለምን አልሰኩትም?»

«ለክፉ ቀን ነው አላልሽኝም?»

«ተኩስ አልሰሙም?»

«ሰማን እንጂ። ከታች ሲንጣጣ ዋለ። ከመነኮሳቱ ጋር ዛፍ ሥር ተቀምጠን እግዚኦ ስንል ቆየን።»

«ታዲያ ከዚያ ወዲያ ምን ክፉ ቀን ይጠብቃሉ?»

ቀና ብለው አዩኝ። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ። በልጅነቴ ክረምት ገብቶ እህል ሲያልቅብን ከዘሩ ጎታ ጥቂት ይቆላልን ብዬ ስለምናቸው እንዲያ ነበር የሚያዩኝ። በቀን አንዴ እየበላን፣ የዘሩ ጎታ አፉ በእበት እንደተለሰነ ይከርም ነበር። አባቴ የዘር ጎታ የሚከፈትበትን ቀን ያውቃሉ፤ እኔ ደግሞ ሳላስበው «ለክፉ ቀን» የሚለውን ቃል ነግሬያቸው ነው የሰደድኳቸው።

«ልጄ፣» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «አንቺ ክፉ ቀን ገና አላየሽም።»

ቢቆጡኝ ይሻል ነበር። እንዳልፈራ እያባበሉ ነበር ያሉኝ፤ ከተኩሱ ወሬ ይልቅ ያ ድምፅ አስፈራኝ። ያዩትን ሳልጠይቃቸው ጀሪካኑን ተሸክሜ ወደ ቤት ወሰድኳቸው።

ፓወር ባንኩን መልሰው ሰጡኝ፤ «አንቺ ዘንድ ይቀመጥ፤» ብለው። አሁን ከክርና ከቁልፍ ጋር መሳቢያዬ ውስጥ ነው። መብራት በየጊዜው ይጠፋል። ስልኬ ሲዘጋ መሳቢያውን እከፍታለሁ፣ ቁልፉን ተጭኜ አራቱን መብራቶች አያለሁ፣ ከዚያ መልሼ እዘጋለሁ። ጎረቤቴ ነጋዴው ታዲያ ለምን ገዛሽው እያለ ይስቅብኛል። ክፉው ቀን ገና ነው እለዋለሁ።

ቅዳሜ አባቴ ለገበያ ሲመጡ ሱቄ ጎራ ይላሉ። ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ ዕቃው ነው።

«አለ?»

«አለ።»

«አልነካሽውም?»

«አልነካሁትም፣ አባባ።»