ዘይቱ ይደር አልተባለም

ባለቤቴ በመኪናው ላይ ሁለት ሕግ ነበረው። አንደኛው፣ መኪናው ከሸዋ ሮቢት ውጭ አያድርም። ሁለተኛው፣ የእኔ ቅቤ ጋቢና ውስጥ አይገባም። ሽንኩርትና ማንጎ ጭነን ደብረ ብርሃን እንወጣለን፤ ስንመለስ እሱ ባቄላና ድንች ይጭናል፣ እኔም ከደጋ ገበያ የገዛሁትን ቅቤ ይዤ እወርዳለሁ። ባሏ ባለመኪና የሆነ ሴት ቅቤዋን ከኋላ፣ ከድንች ጆንያ ጋር ስትጭን ያየ ሁሉ ይስቅብኝ ነበር። ሰውዬው ግን "ሞተር የቅቤ ሽታ አይወድም" ብሎ ድርቅ አለ። ሞተሩ አፍንጫ ይኑረው አይኑረው ጠይቄው አላውቅም፤ ለጠብ ሌላ በቂ ምክንያት ነበረን።

መኪናው የጣልያን ሥሪት ነው፣ ከእኔ በዕድሜ ይበልጣል። አፍንጫው ረጅም፣ በሮቹ በሽቦ የሚታሰሩ፣ ባትሪው ከሞተ የቆየ። የሚነሳው ከፊት ለፊቱ በሚሰካና በእጅ በሚዞር ብረት፣ በማኖቬላ ነው። መለዋወጫ የሚባለው ነገር በዚያ ዘመን ስሙ ብቻ ነበር። የቤንዚን ጋኑ ሲያፈስ በሳሙና ይደፍነዋል። አንድ ጊዜ ከማጀቴ ከተማ ገበያ ስንመለስ የማራገቢያው ቀበቶ ተበጠሰና፣ ባለቤቴ መቀነቴን አስፈትቶ ገምዶ አስገባበት፤ እኔ ቀሚሴን በእጄ ይዤ፣ መኪናው የእኔን መቀነት ታጥቆ ሮቢት ገባን። እንዲህ ሆኖ ያኖርነው መኪና ነው።

ሮቢት ሙቀት ላይ ግማሽ ዙር ይበቃዋል። ደብረ ብርሃን ላይ ግን አንድ ሰዓት ከቆመ ያኮርፋል። ስለዚህ ባለቤቴ ጭነት እስኪራገፍ ሞተሩን አያጠፋም፣ ፀሐይ ሳትጠልቅም ቁልቁል ይወርዳል። "ቆላ ያደገ ነው፣ ብርድ አይችልም" ይል ነበር። ስለ ራሱም እንደሚናገር አውቃለሁ።

እንግዲህ ጊዜው የደርግ ነው። አንድ ቀን የባለመኪኖች ማኅበር ሰሌዳ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ራሴ ሄጄ አነበብኩት። ማንበብ የቻልኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከቅቤ መደቤ ላይ አስነስተው በግድ ሲያስገቡኝ ረግሜያቸው ነበር፤ በኋላ ግን ፊደሉ ጣመኝና ምስክር ወረቀት እስክቀበል ተማርኩ። ማስታወቂያው ያረጁ የጭነት መኪኖች በታኅሣሥ ደብረ ብርሃን ቀርበው ይፈተሹ ይላል። በዋዜማው ግቢ ገብተው ያድራሉ፤ ጧት፣ ሳይገፉና ሳይጎተቱ፣ በሦስት ሙከራ መነሳት አለባቸው። ያልተነሳ ታርጋው ይነቀላል። በብርድ የማይነሳ መኪና ዳገት ላይ ቆሞ መንገድ ይዘጋል፤ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ለባለቤቴ ነገርኩት። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ደግሞ ቤት ድረስ መጥቶ፣ "አይዞህ ጓድ፣ ታርጋው ቢነቀልም ሥራ ፈት አትሆንም፤ የኅብረት ሱቁ ዘበኛ እናደርግሃለን" አለው። ባለቤቴ "እግዜር ይስጥልኝ" አለ። እግዜር ይስጥልኝ! ሃያ ዓመት ሙሉ የጣርማ በርን ዳገት በዚያ መሪ ሲወጣና ሲወርድ የኖረ ሰው፣ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የስኳር ጆንያ ሊጠብቅ! ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ ሲመለስ መኪናውን ማጠብ ያዘ። ሬሳ እንደሚያጥብ ሰው ቀስ ብሎ ያጥበዋል። ብሰድበው አይሰድበኝም። መኪናው ቢሄድ እኔ ቅቤዬን በአህያ አመላልሳለሁ፣ አልሞትም። እሱ ግን ከመሪው ከወረደ እንደማይቆይልኝ ፊቱ ላይ አየሁት።

መላው የመጣልኝ ከቅቤው ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ቢላ የሚያጥፈው ቅቤ፣ ሮቢት ገበያ ላይ ከቀትር በኋላ በጣሳ ይቀዳል። አንድ ከሰዓት ለደንበኛ ስቀዳ ድንገት ቆም አልኩ። መደቤን ለጎረቤት አደራ ብዬ ወደ ቤት ሄድኩ።

"አንተ ሰውዬ፣ የሞተሩ ዘይት ብርድ ላይ ምን ይሆናል?"

"ይረጋል።"

"እንደ ቅቤ?"

"እንደ ቅቤ። ከረጋ በኋላ በሬም አያዞረው።"

"ታዲያ ለምን ብርድ ላይ ታሳድረዋለህ?"

"አንቺ ሴትዮ፣ ግቢው ይቆለፋል። እሳት ማንደድም ክልክል ነው።"

"እሳቱን ማን አነሳ? ዘይቱን ከሆዱ አውጥተን ይዘነው እንውጣ። ጧት አሙቀን እንመልስለታለን።"

"በምን ይዘን?" አለ። የቅቤ ቆርቆሮዎቼን አሳየሁት። ከስንት ቀን በኋላ ሳቀ።

በቀጠሮው ቀን ባዶ መኪና ይዘን ወጣን። ሮቢትን ስንለቅ ሰዉ ማሽላ አጨዳ ላይ ነበር፣ በላብ ተጠምቋል። ደብረ ሲና ላይ ጋቢ ደረብኩ። ጣርማ በር ዋሻው ጋ ስንደርስ በተሰበረው መስኮት የሚገባው ንፋስ ጆሮዬን ሊቆርጠው ደረሰ፤ ቀዳዳውን በቆርቆሮ ክዳን ደፍኜ ያዝኩት። "ምን በወጣን ነው እዚህ አገር የምናድረው?" አለ ባለቤቴ። "ዝም ብለህ ንዳ" አልኩት።

የፍተሻው ግቢ ለጥ ያለ ሜዳ ነው። ሆን ብለው ሳይመርጡት አልቀሩም፤ ቁልቁለት ቢሆን ማንም መኪና እየተንከባለለ ይነሳ ነበር። አሥር ያህል መኪኖች ተደርድረዋል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ባለቤቴ ከሥር ገባና የዘይቱን ቡሎን ፈታ፤ ዘይቱ ገና ትኩስ ስለነበር ቆርቆሮዬ ውስጥ ተንዠቀዠቀ። የራዲያተሩን ውሃ መሬት ላይ ለቀቀው። ነዳጁን የሚለኩሱትን ካንዴላዎችም ፈታትቶ ኪሱ ከተተ። ሌሎቹ ሾፌሮች ከበቡን።

"እትዬ፣ ዘይቱን ልታነጥሪው ነው?" አለኝ አንዱ።

"አዎ፣ ኮረሪማ ካለህ አምጣ" አልኩት።

በሩ ላይ ካፖርት የለበሰ ሽማግሌ ዘበኛ አስቆመን።

"ምንድነው የያዛችሁት?"

"ዘይት።"

"ከግቢ ምንም አይወጣም። መኪናው እዚህ ይደር ነው የተባለው።"

"መኪናው ያውና ሊያድር ቆሟል። ዘይቱ ይደር አልተባለም፣ ጋሼ። ማስታወቂያውን አንብቤዋለሁ፤ ከፈለጉ በቃሌ ልበልልዎት።"

ሽማግሌው ቆርቆሮዎቹን አየ፣ እኔን አየ። "የቆላ ሰው ነሽ?" አለኝ።

"የሮቢት።"

"እኔ እዚሁ ብርድ ላይ ተወልጄ ይሄ አልመጣልኝም" አለና በሩን ከፈተልን።

ያረፍንባት ጠላ ቤት ባለቤት ጧት ዘይቱን ምድጃዋ ላይ ጥጄ ስታገኘኝ ጮኸችብኝ። "ቤቴን ጋራዥ አደረግሽው!" አለች። ነገሩን ስነግራት ግን ራሷ እንጨት ጨመረችልኝ። ውጭው በአመዳይ ነጭ ሆኗል፤ ሣሩ ሲረግጡት ይንኮሻኮሻል። ትኩሱን ዘይት በጋቢዬ፣ የፈላውን ውሃ በባለቤቴ ኮት ጠቅልለን እየሮጥን ሄድን። ካንዴላዎቹ ብብቱ ሥር ነው ያደሩት።

ግቢው ውስጥ መርማሪው ንግግር ላይ ነበር። ከትራንስፖርት መሥሪያ ቤት የተላከ ወጣት ነው፣ ጓንት አጥልቋል። ስለ አብዮቱና ስለ ትራንስፖርት ያወራል፣ ያወራል። ቆርቆሮዎቹን በቀሚሴ ሸፍኜ ላያቸው ላይ ቁጭ አልኩ። ሙቀቱ ከሥሬ እየቀነሰ ሲሄድ ይታወቀኛል። በመጨረሻ አልቻልኩም።

"ጓድ! ዘይቴ እየረጋ ነው!"

ሳቅ ሆነ። ባለቤቴ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። መርማሪው ፊቱን አጠቆረና "የእናንተ ተራ መጨረሻ ነው" አለኝ፤ ንግግሩን ግን አሳጠረ።

ሌሎቹ ተሞከሩ። አብዛኞቹ ተነሱ። ሦስቱ እምቢ አሉ፣ ካቻቢቴ የያዘ ሠራተኛም እየተጎነበሰ ታርጋቸውን ነቀለ። ከሾፌሮቹ አንዱ ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ ቆመ። ተራችን ሲደርስ የመኪናውን ቁጥር ለማስመዝገብ ወደ መርማሪው ጠረጴዛ ሄድኩ። የእኛ ቅጽ ከላይ ነበር። ተጽፎበታል፤ ቀለሙ ደርቋል፤ ተፈርሞበታል። "ሦስት ጊዜ ተሞክሮ አልተነሳም። ታርጋው ይነቀል" ይላል። እኛ ገና ዘይቱን እንኳ አልመለስንለትም። እዚያው ልጮህ አልኩና አፌን በነጠላዬ ያዝኩ። ባለቤቴ ከሰማ እጁ ይዝላል። መጀመሪያ ይነሳ አልኩ።

ዘይቱን መለስን፤ እንደ ቀለጠ ቅቤ ወረደ። ውሃውን ሞላን፣ ባለቤቴ ካንዴላዎቹን አሰረ። ማኖቬላውን ሰክቶ አዞረ። ሞተሩ አንዴ ተነፈሰና ዝም አለ።

"አንድ" አለ መርማሪው።

በሁለተኛው ብረቱ ወደ ኋላ ተመልሶ የባለቤቴን የእጅ አንጓ መታው። ዓይኔ እያየ አበጠ።

"ሁለት" አለ መርማሪው። ካቻቢቴ የያዘው ሰው ወደ ታርጋችን ጠጋ አለ።

የጭነቱን ገመድ አወረድኩና ጫፉን ማኖቬላው ላይ አሰርኩ።

"መጎተት ክልክል ነው" አለ መርማሪው።

"ክልክል የተባለው መኪናውን መጎተት ነው። እኔ የምጎትተው ብረቱን ነው።"

ባለቤቴ ብረቱን በደህና እጁ ያዘ። "በእመቤቴ!" ብሎ ሲያዞር እኔ ገመዱን በሙሉ ክብደቴ ሳብኩት፤ በጀርባዬ አመዳዩ ላይ ወደቅሁ። እንደወደቅሁ ሰማሁት። መጀመሪያ አስነጠሰ፣ ከዚያ ጥቁር ጢስ ለቀቀ፣ ከዚያ ግቢውን አንቀጠቀጠው።

ሾፌሮቹ አጨበጨቡ። መርማሪው አላጨበጨበም። "ውጤቱ በጽሑፍ ይደርሳችኋል" አለና ካቻቢቴ ለያዘው ሰው በዓይኑ ምልክት ሰጠው። ሰውየው ጎንበስ ሲል ሄጄ ታርጋው ፊት ቆምኩ።

"ጓድ፣ ጽሑፉማ ደርሷል። ላንብብልዎት?"

"ማንበብ ትችያለሽ?"

"እናንተው ናችሁ ያስተማራችሁኝ! ምስክር ወረቀቴ ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሏል።"

ቅጹን ከጠረጴዛው አነሳሁ። አልፈራሁም ብል ውሸት ነው። በዚያ ዘመን ከዚህ ባነሰም ሰው ይታሰር ነበር። ቢሆንም ማንበብ ጀመርኩ። የሞተሩ ጩኸት ድምፄን ዋጠው። "አልተሰማም! ድገሚው!" አሉ ሾፌሮቹ። ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮህኩ።

"ሦስት ጊዜ! ተሞክሮ! አልተነሳም!"

ባለቤቴ ይሄኔ ጋቢና ገብቶ ነበር። ሲሰማኝ ነዳጁን ረገጠው፤ ሞተሩ አገሩን በጩኸት ሞላው። ዘበኛው ሽማግሌ ሳይቀር ሆዱን ይዞ ሳቀ።

መርማሪው ወረቀቱን ነጠቀኝ። ዙሪያውን ተመለከተ፤ ሁሉም እሱን ነው የሚያየው። ካቻቢቴ የያዘውም ሰው መሣሪያውን ኪሱ ከቷል። መርማሪው ጓንቱን አወለቀ፣ ጽሑፉን በአንድ መስመር ሰረዘና ከላዩ ላይ "ተነስቷል" ብሎ ጻፈ።

"ስርዙ ላይ ይፈርሙበት" አልኩት።

አፈጠጠብኝ።

"ሮቢት ስደርስ የሚያነበው አለ፣ ጓድ። ያልተፈረመበት ስርዝ ይዤ ብሄድ ማን ያምነኛል?"

ፈረመና ወረቀቱን ሰጠኝ።

ስንመለስ ደብረ ሲና ላይ ቅቤ ገዛሁ። እንደ ልማዴ ወደ ኋላ ልጭነው ስሄድ ባለቤቴ ወርዶ ተቀበለኝና ጋቢና፣ በመካከላችን አስቀመጠው። "ሞተሩስ?" አልኩት። "ዛሬ ዝም ይበል" አለ። ያን ሳምንት ግን ሞተሩ ራሱ ቅቤ ቅቤ ይሸት ነበር፤ ቆርቆሮዎቼን በደንብ አላጠብኳቸውም ኖሯል።

ዛሬ መኪናውም ሾፌሩም የሉም። ባለቤቴ የማንም ዘበኛ ሳይሆን ነው የሞተው፤ ሲነዳ ውሎ፣ ቤቱ ገብቶ፣ አልጋው ላይ። ወረቀቱ ግን አለኝ፣ ከምስክር ወረቀቴ ጎን ሰቅዬዋለሁ። ቀለሙ ቢደበዝዝም የተሰረዘውም የተጻፈውም ይነበባል። እንግዳ ሲመጣ አነብለታለሁ፤ ሁልጊዜ የምጀምረው ከተሰረዘው ነው።