ሃምሳ ስድስትና ታናሽ እህቷ

በእውነተኛ ስሟ የሚጠራት ጠፍቷል፤ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ «ሃምሳ ስድስት» ነው የሚላት። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ ይቅርታም አልጠይቅም። ላቦራቶሪው ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ጎን ለጎን ስንቀመጥ ከዚያ ቁጥር ሌላ ብዙም ከአፏ ሲወጣ አልሰማሁ!

ሥራዋ እንዲህ ነው። ደም ሲረጋ ከላይ የሚቀረውን ቢጫ ውሃ ሴረም እንለዋለን። አንዳንዱ ምርመራ ከመሠራቱ በፊት ሴረሙ በሃምሳ ስድስት ዲግሪ ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት መቀመጥ አለበት። ይህን ሁሉ የምናደርገው ኮምፕሊመንት ስለሚባለው ነገር ነው። ደማችን ውስጥ ዝም ብለው የሚዞሩ ብዙ ፕሮቲኖች አሉ። ጀርም ሲገባ አንዱ ሌላውን ይቀሰቅሳል፤ ጀርሙ ላይ ይለጠፉበታል፣ ነጭ የደም ሕዋሳትን ይጠሩበታል፣ የመጨረሻዎቹ ደግሞ ግድግዳውን በስተው ይገድሉታል። ሃምሳ ስድስት ለአዲስ ሠራተኛ ስታስረዳ፣ «ሰፈር ውስጥ ኡኡ ሲባል ዱላ ይዞ እንደሚወጣ ጎረቤት በያቸው» ትላለች። «ጎበዞች ናቸው። ግን ሃይ ባይ ካጡ የባለቤቱንም በር ይሰብራሉ።» እውነቷን ነው፤ የገዛ ሰውዬውን ኩላሊት የሚያበላሹበት በሽታ አለ። የእኛንም ምርመራ ስለሚያውኩብን በሙቀት እናፈዛቸዋለን።

እሷ ታዲያ የሴረሙን ብልቃጦች የሞቀው ውሃ ገንዳ ውስጥ ትደረድርና ደወል ያላትን ትንሽ ሰዓት ሞልታ አጠገባቸው ትቀመጣለች። ደወሉ ሳይጮህ ንቅንቅ የለም። አንድ ቀን ጣሪያው ሲያፈስ ጃንጥላ ይዛ ተቀመጠች። ዓይኔን ግንባር ያርገው፣ አልዋሸሁም!

ሦስት እህትማማቾች ነበሩ። መካከለኛዋ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ በማጅራት ገትር ሞተች። ትንሿን ሃምሳ ስድስት ናት ያሳደገቻት፤ አሁን ልብስ ሰፊ ናት፣ ከአፏ ሳቅ የማይጠፋ። እሷም ያው በሽታ ሁለት ጊዜ ያዛት፤ ሁለቱንም ጊዜ ለጥቂት ተረፈች። በሁለተኛው አንድ ወጣት ሐኪም፣ «ይሄ በሽታ አንድን ሰው ሁለት ጊዜ ሲይዝ ዝም አይባልም። ኮምፕሊመንቷ ይሠራል ወይ? ይታይልኝ» አለና፣ ደህና ስትሆን ደሟን ወደ እኛ ላከው።

የኮምፕሊመንት ምርመራ ደግሞ የሌላው ተቃራኒ ነው። ሙቀት የሚባል ነገር አይነካውም፤ ብልቃጡ በረዶ ላይ ይቆያል። ሃምሳ ስድስት ከነርሷ እጅ ራሷ ተቀበለችው። በላዩ የተጻፈውን ስም ሁለት ጊዜ ስታነብ አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ ግን ሥራ ስለነበረኝ ዓይኔን ከእሷ አነሳሁ።

ምርመራው በዓይን የሚታይ ነው። ሴረሙን ከተዘጋጀ የበግ ቀይ የደም ሕዋስ ጋር እናቀላቅላለን። ኮምፕሊመንቱ ደህና ከሆነ ሕዋሳቱን ያፈነዳቸውና ፈሳሹ በሙሉ ቀይ ይሆናል። ከሌለ ሕዋሳቱ ታች ይዘቅጣሉ፣ ከላይ ያለው ጥርት ይላል። የትንሿ እህት ጥርት ብሎ ወጣ።

ሃምሳ ስድስት ብልቃጡን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስታ ብዙ ቆየች። ከዚያ ድንገት፣ «አሙቄዋለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«ደሟን ነዋ! ከሌሎቹ ጋር ገንዳው ውስጥ ከትቼዋለሁ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ አጠገቡ ተቀምጬ አልታየኝም። ወይኔ፣ የለመደ እጅ!»

ክው አልኩ። አንድም ቀን ተሳስታ የማታውቅ ሴት፣ ስንሳሳት በዓይኗ የምትገርፈን ሴት፣ በሁላችን ፊት አለቃችን ዘንድ ሄዳ «አበላሽቻለሁ» ብላ ተናገረች። የገረመኝ ደግሞ ፊቷ በርቶ መመለሷ ነው።

«ምን ያስቅሻል አንቺ?»

«አይገባሽም? ጥፋቱ የእኔ ከሆነ እኮ ልጅቷ ደህና ናት።»

ጥፋተኛ ልሁን ብሎ የሚለምን ሰው ያን ቀን አየሁ።

በማግስቱ ጠዋት ትንሿ እህት እንደገና ልትቀዳ መጣች። «እቴቴ፣ ትናንት ቀቀልሽኝ አሉ» ብላ ሁላችንንም አሳቀችን። ሃምሳ ስድስት ግን አልሳቀችም። የራሷንም ደም አስቀዳች፤ ጎን ለጎን ይሠራ አለች። በረዶውን እኔ ነኝ የያዝኩት። ወደ ገንዳው አቅጣጫ እንኳ እንዳንዞር አዘዘችን።

የሃምሳ ስድስት ብልቃጥ በሙሉ ቀይ ሆነ። የእህቷ እንደ ትናንቱ ጠራ።

«ሙቀቱ ምንም አልወሰደባትም» አለች ቀስ ብላ። «መጀመሪያውኑ አልነበራትም።»

ሐኪሙ ሁለቱንም አስቀምጦ አስረዳቸው፤ እኔም አብሬያቸው ነበርኩ። የጀርሙን ግድግዳ ከሚበሱት የመጨረሻዎቹ ፕሮቲኖች አንዱ ከተወለደች ጀምሮ የላትም። ከአንድ እናትና አባት ተወልዶ አንዱ ሊያጣው፣ ሌላው ሙሉ ሊሆን ይችላል፤ የሞተችውም እህታቸው እንዲሁ ሳትሆን አትቀርም። የሌላትን መተካት አይቻልም፤ ግን ክትባት አለ፣ በየጊዜው ትወስዳለች። ክትባቱ ቢኖርም ትኩሳት ከጀመራት ለአንድ ሰዓት እንኳ ቁጭ ብሎ ማየት የለም፤ ወዲያው ሆስፒታል።

ሃምሳ ስድስት «ለአንድ ሰዓት እንኳ» የሚለውን ስትሰማ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

«መካከለኛዋ ስልክ ደውላልኝ ነበር» አለች። «ራሴን አመመኝ፣ ነይ አለችኝ። ብልቃጦቹ ገንዳ ውስጥ ነበሩ። ደወሉ ይጩህና እመጣለሁ አልኳት። ጮኸ፣ ሌላ ዙር መጣ፣ እሱንም ጨረስኩ። ስደርስ አላወቀችኝም።»

«ያኔ ማን ያውቅ ነበር?» አልኳት።

«አላውቅም ነበር። ግን ጠርታኛለች።»

ትንሿ የእህቷን እጅ ይዛ፣ «እንግዲህ እኔ ስጠራሽ ደወሉን አትጠብቂ» አለቻት።

አምስት ወር አለፈ። አንድ ጠዋት ሃያ አራት ብልቃጥ ገንዳው ውስጥ ገብቶ፣ ሰዓቱ ገና ዘጠኝ ደቂቃ ሲቀረው፣ ስልኳ ጮኸ። «እቴቴ፣ ብርድ ብርድ አለኝ፣ አንገቴንም...» የሚለው ለእኔም ተሰማኝ። ሂጂ ልላት አፌን ከመክፈቴ ወንበሯ ባዶ ሆነ። ጓንቷን እንኳ አላወለቀችም። በመስኮት ሳይ ነጭ ካፖርቷን እንደለበሰች መንገዱን እየሮጠች ታቋርጣለች።

ሄጄ ወንበሯ ላይ ተቀመጥኩ። ደወሉ ሲጮህ አጠፋሁትና ብልቃጦቹን አወጣሁ። ከምሳ በፊት ደወለች፤ መድኃኒቱ በደም ሥሯ እየገባ ነው፣ ታውቀኛለች አለችኝ። «ታውቀኛለች» የሚለውን ሦስት ጊዜ ደገመችው።

ልጅቷ በዘጠነኛው ቀን በእግሯ ወደ ቤቷ ገባች። ሃምሳ ስድስት በማግስቱ ሥራ ገባችና ገና ካፖርቷን ሳትለብስ፣ «የዚያን ቀን ብልቃጦቹ እንዴት ሆኑ?» አለችኝ።

«አወጣኋቸዋ።»

«በስንት ደቂቃ?»

«ልክ በሠላሳ።»

ሰዓቷን አንስታ ትንሽ አየቻትና መልሳ አስቀመጠቻት። «ያለ እኔም ይወጣሉ ለካ» አለችና እዚያው ወንበሯ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።