ድሬን የሰጡኝ ቀን

ንጋት፣ ሐርላ

ጎህ ሲቀድ ከቤት ወጣን፤ እኔና ጎረቤታችን አዴ ፋጡማ። እሷ ለገበያ የምታወርደውን ወተት በጄሪካን ይዛለች። እኔ ስልኬን ብቻ ይዣለሁ። አባቴ ፍየሎቹን ከበረት እያስወጣ ነበር።

«ሳትናገሪ እንዳትመለሺ» አለኝና ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ድምፄን የለመዳችሁ የቻናላችን ሰዎች፣ ዛሬ የምጽፍላችሁ ድምፄ ስለዘጋ ነው። እንዴት እንደዘጋ ስትደርሱበት ታዩታላችሁ። አዲስ ለገባችሁ ግን ስሜ ሰሚራ ነው። ስድስተኛ ክፍል ጨርሼ ነው ያቆምኩት። በቴሌግራም የእንቆቅልሽ ቻናል አለኝ። እኔ በድምፅ እጠይቃለሁ፣ ሰው በድምፅ ይመልሳል። እንዲህ ያደረግኩት ማንበብ የማይችሉትም እንዲጫወቱ ብዬ ነው። በኦሮምኛ ጠይቄ በሶማልኛ ይመለስልኛል፤ ጭቅጭቁ በአማርኛ ነው። መልሱን ያላወቀ ሰው፣ ልጆች ሆነን እንደምናደርገው፣ አገር ይሰጠኛል። እስካሁን ሐረርን፣ ጅግጅጋን፣ ጅቡቲን ደጋግሜ ተቀብያለሁ። ድሬን የሰጠኝ ግን የለም። የድሬ ልጅ በድሬ አይጫወትም።

የምቀዳው ቤት ነው፤ የምልከው ግን ከቤታችን በላይ ካለው የድሮ ፍርስራሽ ግንብ ላይ ወጥቼ ነው። ስልኬ ከሰው የሚያገናኘኝ እዚያ ድንጋይ ላይ ብቻ ነው።

በስልክና በባህል ላይ አዲስ ነገር የሞከሩ ሰዎችን ሰብስበው የሚያነጋግሩ የድሬ ወጣቶች ቻናሉን ሰምተው ጠሩኝ። ሳቢያን ሰፈር በሚገኝ አዳራሽ ሰው ፊት ቆሜ ስለ ሥራዬ እንድናገር። እኔ ደግሞ ሰው ፊት ስሜን መናገር የሚያቅተኝ ሰው ነኝ። ሠርግ ቤት እንኳ የምቀመጠው ከሳህን አጣቢዎች ጋር ነው። ስለዚህ ንግግሬን ቤት ቁጭ ብዬ በስልኬ ቀዳሁት፤ መድረክ ላይ ቆሜ እሱን ላሰማቸው። ይህም ካቃተኝ ቻናሉን ልዘጋው ለራሴ ቃል ገብቻለሁ። ሰው ሁሉ ፈልጎኝ መጥቶ አፌ ከተሳሰረ፣ ከዚያ በኋላ በምን አፌ እጠይቃችኋለሁ?

ረፋድ፣ መጋላ

አስፋልቱ ድረስ በእግር ነው። ከደንገጎ የሚወርድ ሚኒባስ አገኘን። ከኋላ ሽንኩርት፣ ከፊት ጫት፣ መሃል እኛ። ቁልቁል በወረድን ቁጥር መስኮቱ የሚያስገባው ነፋስ እየሞቀ ይመጣል። ተራራው ላይ የለበስኩትን ሹራብ ድሬ መግቢያ ላይ አወለቅኩ።

መጋላ ገበያ ደርሰን አዴ ፋጡማ ወተቷን ለደንበኛዋ አስረከበች። ጠባቡ መንገድ ሽቶ በሚሸጡ፣ ጨርቅ በትከሻቸው በተሸከሙ፣ «መንገድ! መንገድ!» በሚሉ ጋሪ ገፊዎች ተሞልቷል። አንድ በር ላይ ቁጭ ብለን ፈጢራ በእንቁላል አዘዝን። ማር አፍስሰውበት ትኩሱን አመጡልን። እኔ እጄን አልዘረጋሁም።

«ብዪ እንጂ!» አለች አዴ ፋጡማ። «በባዶ ሆድ ድምፅ ከየት ይወጣል?»

«ድምፄ ስልኩ ውስጥ ነው» አልኳት።

«አቦ፣ ስልኩ ፈጢራ አይበላም፤ አንቺ ብዪ።»

ከዚያ ወደ ሳቢያን ባጃጅ ያዝን። ሹፌሩ ሙክታር ይባላል፤ ስሙን ሳንጠይቀው ነው የነገረን። ወሬ የሚወድ ልጅ ነው። አሸዋማውን ወንዝ ተሻግረን፣ ዛፎቹ ጥላ ያጠሉበትን መንገድ እስክንይዝ ድረስ የሰፈሩን ዜና ጨረሰልን። አዴ ፋጡማ እሱን ዝም ለማሰኘት ይመስለኛል፣ ለአዳራሹ ያዘጋጀሁትን እንቆቅልሽ አውጥታ ጠየቀችው።

«ቤቴ አይገባም፣ ድንጋይ ላይ ይጠብቀኛል። እግር የለውም፣ ቃሌን ተሸክሞ ባሕር ይሻገራል።»

ሙክታር አሰበ። መስቀለኛ መንገድ ላይም አሰበ፤ ከኋላ ጡሩንባ ነፉበት።

«ወፍ ነው።»

«አይደለም። አገር ስጠኝ።»

«ጅቡቲን ውሰጂ፣ እናቴ።»

«ጅቡቲ ሞልቶናል። ድሬን ስጠኝ።»

«ድሬማ አትሰጥም!» ባጃጁን ሊያቆመው ምንም አልቀረው። «ወላሂ፣ አዲስ አበባን ከነሕዝቧ ልስጥሽ፤ ድሬን ግን አልሰጥም።»

«እንግዲያው መልሱን አትሰማም» አለች። አዳራሹ በር ላይ አወረደን። ሒሳቡን ተቀብሎም ቶሎ አልሄደም፤ በመስታወቱ እኛን እያየ ነበር።

ቀትር፣ ሳቢያን

አዳራሹ ሞልቷል። ጣሪያው ላይ ማራገቢያዎች ይሽከረከራሉ። ከኔ በፊት የተናገረው ወጣት የድሮውን የባቡር ጣቢያ በስልክ እንደ ጨዋታ እያዞረ አሳየን፤ በሮቹን ስትነካቸው ይከፈታሉ። አንዲት ልጅ ደግሞ የሠርግ ልብስ ጥልፎችን ፎቶ አንስታ፣ ማን እንደጠለፋቸው ከነድምፃቸው ሰብስባለች። ስሰማት ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ቀጣይዋ እኔ መሆኔ ትዝ አለኝ።

መድረክ መሪዋ ስሜን ጠራች። ስልኬን ከድምፅ ማጉያው ጋር አያያዘችልኝ። «ሰላም፣ እኔ ሰሚራ ነኝ» ሲል የራሴ ድምፅ አዳራሹን ሞላው። እኔ ከጎኑ ቆሜ ጫማዬን አያለሁ።

መብራት ጠፋ።

ድምፄም፣ ማራገቢያዎቹም አንድ ላይ ቆሙ። መስኮቶቹን ከፈቷቸው። ሙቀቱ እንደ እንግዳ ዘው ብሎ ገባ። «ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ትንሽ እንታገስ» አሉ። ከውጭ አንድ ጊዜ ሲያጓራ ሰማነው፤ ከዚያ ዝም አለ። ሰው ሁሉ በወረቀት ራሱን እያራገበ እኔን ያያል። አዴ ፋጡማን ፈለግኳት። ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ዱዓ ታደርጋለች። ወደ በሩ አየሁ። ሩቅ አልነበረም። አንድ እግሬ ተነስቶ ነበር።

በሩ ላይ ግን ሙክታር ቆሟል። የባጃጁን ቁልፍ ጣቱ ላይ እያሽከረከረ።

«እህቴ!» ብሎ ጮኸ። «የቅድሙን ንገሪን እንጂ! ሥራ አላሠራኝም እኮ!»

አዳራሹ ሳቀ። «የቱን? የቱን?» አሉ።

እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ አፌ ተከፈተ። «ሂቦ!» አልኩ በኦሮምኛ። ከኋላ ያሉት አሮጊቶች ወዲያው «ሂብ!» አሉ። «እንቆቅልሽ!» ስል ደግሞ ግማሹ አዳራሽ «ምን አውቅልሽ!» አለ። ከዚያ ጠየቅኳቸው፤ ቤቴ አይገባም፣ ድንጋይ ላይ ይጠብቀኛል።

«ነፋስ!»

«ጥላ!»

«ፍየል!»

«ፍየል ባሕር ትሻገራለች እንዴ፣ አቦ?»

«አዎና፣ አረቢያ ትሄዳለች፣ በመርከብ!»

ኮምፒዩተር የያዙት ልጆች ተሰብስበው ይመክራሉ። ሙክታር አሁንም ወፍ ነው ብሎ ይከራከራል። እኔ እየሳቅኩ፣ እየጮኽኩ፣ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ስዞር ቆይቼ ነው መድረኩ ጫፍ ላይ መድረሴን ያየሁት። ያለ ድምፅ ማጉያ። ሰው ፊት።

«አገር ስጡኝ» አልኳቸው።

ሐረርን ሰጡኝ፣ አልፈለግኩም። ባሕር ዳርን ሰጡኝ፣ ሩቅ ነው አልኩ። «እኔ የምፈልገው ድሬን ነው።»

«ድሬ አትሰጥም!» አሉ በአንድ ድምፅ። ላባቸው እየወረደ ማንም አልተነሳም። ለረጅም ጊዜ ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ ሙክታር ቁልፉን ኪሱ ከተተና እጁን አነሳ።

«እሺ አቦ፣ ውሰጃት! ተሸነፍኩ! መልሱን ንገሪኝና ሥራዬን ልሂድ።»

«ሁላችሁም?»

«ሁላችንም!»

«ድሬ ገብቼ ምን አጥቼ!» አልኩ፤ አጨበጨቡ። «መልሱ ኔትወርክ ነው።»

 ያ የባቡር ጣቢያውን ያሳየው ወጣት ግንባሩን በእጁ መታ። «እኛ ቤት ይገባላ!» አለ። ይሄኔ ስለ ድንጋዬ፣ ስለ ቻናሉ፣ ስለ እናንተ ነገርኳቸው። የቀዳሁት ንግግር አላስፈለገም። ስንት ደቂቃ እንደተናገርኩ አላውቅም፤ መብራት ሲመጣ ግን ድምፄ ሻክሮ ነበር።

ማምሻ፣ ሐርላ

ሙክታር እስከ ሚኒባሱ ድረስ ወሰደን፤ «የአገሩ ባለቤት አይከፍልም» ብሎ። አዴ ፋጡማ መንገዱን ሙሉ ተኛች። እኔ ከነጋ ለመጀመሪያ ጊዜ ራበኝ፤ ከመጋላ ለአባቴ የገዛሁትን ጣፋጭ ሙሸበክ ግማሹን በላሁበት።

አባቴ ፍየሎቹን እየመለሰ መንገድ ላይ አገኘኝ።

«ድሬ እንዴት ዋለች?»

«ደህና ናት» አልኩት፣ ድምፄ እየተቆራረጠ። «ሰጡኝ።»

ቆም ብሎ አየኝ። «ሁሏንም?»

«ሁሏንም።»

«እንግዲያው ነገ ፍየሎቹን እዚያ አሰማራለሁ» አለና ሙሸበኩን ተቀበለኝ።

አሁን ድንጋዬ ላይ ነኝ። ከታች የድሬ መብራቶች አንድ በአንድ እየበሩ ነው። ቻናሉን ስከፍት አዲስ የገባ ሰው ድምፅ ልኮ አገኘሁ። ከፍቼ ሰማሁት፤ ከኋላው የባጃጅ ሞተር አለ።

«እህቴ፣ ሙክታር ነኝ። ሳስበው እንቅልፍ የሚወስደኝ አይመስለኝም። ሌላ ጠይቂኝ፤ ካወቅኩ ድሬን ትመልሺልኛለሽ።»

ነገ ድምፄ ሲከፈት እጠይቀዋለሁ። ከባድ አድርጌ።