አክስቴ፣ ብስክሌቴና የኒሙሌ መንገድ

ትናንት አንድ እንግዳ ብስክሌቱን እየገፋ በግቢያችን ሲያልፍ የኋላ ጎማው «ጠክ ጠክ ጠክ» ሲል ሰማሁና የያዝኩትን ትሪ አስቀምጬ ቆምኩ። ያንን ድምፅ ታውቂዋለሽ? ፔዳሉን ሳትረግጪ ብስክሌቱ በራሱ ሲንሸራተት የሚያሰማው ነው። እስከ ዛሬ ስሰማው እግሬን ይበላኛል።

ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። የምሠራው እዚሁ ጁባ ታውን፣ ያኔ የአክስቴ በነበረው በዚሁ ሆቴል ነው። ከአዲስ አበባ ያመጣችኝ እሷ ናት። ሦስት ዓመት ሙሉ ከማዕድ ቤት ወደ አዳራሽ፣ ከአዳራሽ ወደ ማዕድ ቤት ስመላለስ ኖርኩ። ቁጭ ብዬ መብላት እንኳ አይሆንልኝም፤ ቆሜ ነበር የምጎርሰው። አክስቴ «አንቺ ልጅ፣ ወንበሩ ይቆነጥጥሻል እንዴ?» ትለኝ ነበር።

ብስክሌቱን የሰጠችኝ እኛ ዘንድ ወራት ያረፈች አንዲት የውጭ አገር መሐንዲስ ናት። ሥራዋን ጨርሳ ልትሄድ ስትል ጠራችኝና «ሻምፒዮኖች የሚነዱት ዓይነት አይደለም፣ ተራም አይደለም፤ መካከለኛ ነው» አለችኝ። አካሉ አሉሚኒየም ነው፤ የፊት ጎማውን ግራና ቀኝ የሚይዘው ሹካ ደግሞ ጥቁር ካርበን። ካርበኑን በጥፍሯ መታ መታ አድርጋ «የመንገዱን ንዝረት እጅሽ ሳይደርስ ይውጠዋል» አለች። በአንድ እጄ ሳነሳው ቅለቱ አሳቀኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከወፍ ጋር መነሳት ሆነ። ቁርስ የሚፈልጉ እንግዶች ከመንቃታቸው በፊት እወጣለሁ። በኮንዮ ኮንዮ ገበያ በኩል ሳልፍ ተሸካሚዎቹ ገና ጆንያ እያወረዱ ነው። የከሰል ጭስ፣ የጄኔሬተር ናፍጣ፣ ሌሊት ዝናብ ጥሎ ከሆነ ደግሞ የቀይ አፈር ሽታ ፊቴን ይመታዋል። ባለ ቦዳ ቦዳዎቹ፣ የሞተር ታክሲ ነጂዎቹ ማለቴ ነው፣ «ያ ሀበሺያ! ሞተር ጠፋ?» እያሉ ይስቁብኛል። ጎማው እንደ ጣቴ ቀጭን ስለነበር የንያኩሮን ሰፈር ውስጥ ለውስጥ መንገዶች ያስለቅሱኝ ነበር። አስፋልቱ ላይ ስወጣ ግን፣ ምን ልንገርሽ፣ ደረቴ ውስጥ የታሰረ ነገር ይፈታል። ድልድዩን ተሻግሬ፣ ነጭ ዓባይን ከበታቼ ትቼ፣ ወደ ዩጋንዳ ድንበር፣ ወደ ኒሙሌ የሚወስደውን መንገድ ትንሽ እሄድና እመለሳለሁ። በየቀኑ የምመለስበት ቦታ ትንሽ ትንሽ ይርቅ ጀመር።

ስመለስ ለአክስቴ ስለ ኒሙሌ አወራላታለሁ፤ እሷ ግን አልወደደችውም። «ሴት ልጅ ብቻዋን፣ በዚህ አገር!» ትላለች። ፈርታ እንደሆነ አሁን ይገባኛል። ያኔ ግን የሚታየኝ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችው ቁልፍ ብቻ ነበር። የሁላችንም የሠራተኞቿ ፓስፖርት በብረት ሣጥን ተቆልፎ የሚቀመጠው እሷ ክፍል ነው። «እንዳይጠፋ ነው» ትላለች፤ እኔ የታሰርኩት በዚያ ሣጥን ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ምሳ ላይ፣ አዳራሹ ሞልቶ ሳለ፣ እጇን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ ለደንበኞቿ «ሆቴሉን ነገ የምትረከበኝ እሷ ናት፤ የትም አትሄድም» አለቻቸው። ሰዎቹ መረቁኝ። እኔ ፈገግ አልኩ፤ «የትም አትሄድም» ያለችው ግን ከጆሮዬ አልወጣም። በማግስቱ ማለዳ አንድ ቅያሪ ልብስ፣ ውሃ፣ ትርፍ የውስጥ ጎማና መንፊያ በጀርባዬ አዝዬ ወጣሁ። ፓስፖርት የለኝም፤ ድንበሩ ላይ ምን እንደምል አላሰብኩም። ብቻ ረገጥኩ።

አርባ ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄድኩ የኋላ ጎማዬ ፈነዳ። ወዲህም ወዲያም ሣርና ሰማይ ብቻ ነው። ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ የውስጥ ጎማውን እየቀየርኩ ሳለ አንድ ሞተር ከጁባ በኩል ሲመጣ ሰማሁ። ሞተሩ አጠገቤ ሲደርስ ከኋላው የወረደችው አክስቴ ነበረች!

አሥር ዓመት ጁባ ስትኖር ቦዳ ቦዳ ላይ ወጥታ የማታውቅ ሴት ናት። ነጠላዋ፣ ቅንድቧ፣ ሽፋሽፍቷ ሁሉ አቧራ። የባለ ሞተሩን ክንድ ይዛ ቆመች። ሰውዬው ጋምቤላ ያደገ ነበርና በአማርኛ «እማማ መንገዱን ሙሉ ሲጸልዩ ነው የመጡት» አለኝ።

ስድብ ጠበቅኩ። እሷ ግን ከደረቷ ፌስታል አወጣች። ውስጡ ፓስፖርቴ ነበር።

«ያለዚህ የት ልትደርሺ ነው?» አለችኝ።

«አክስቴ፣ እኔ...»

«ዘበኛው ሻንጣ አዝላለች ሲለኝ ሣጥኑን ከፈትኩ። ያንቺ እዚያው አለ። ኬላ ላይ ይዘውሽ ቢሄዱስ? ማን ነሽ ቢሉሽስ?» ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «መሄድ ከፈለግሽ ንገሪኝ። መርቄ እሸኝሻለሁ። እንደ ሌባ ግን ከቤቴ አትውጪ።»

ፓስፖርቱን ተቀበልኳት። ሦስት ዓመት የጠበቅኩት ነገር እጄ ገባ፤ እኔ ግን ያየሁት አቧራ የለበሰ ነጠላዋን ነበር። ጎማዬን ነፍቼ ጨረስኩና ብስክሌቱን ወደ ጁባ አዞርኩት። እሷ በሞተሩ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። በየደቂቃው ዞር ትላለች፤ ራቅ ካልኩ የባለ ሞተሩን ጀርባ እየመታች «ሽዌያ! ሽዌያ!» ትለዋለች፣ ቀስ በል ማለቷ ነው። እሱም «ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም እማማ» እያለ ይስቃል።

ስለዚያ ቀን ዳግመኛ አላወራንም። ብስክሌቱን ሌላ ሁለት ዓመት ነዳሁት፤ ኋላ ከአንድ መኪና ጋር ተጋጭቼ ካርበኑ ተሰነጠቀ። የሰፈሩ በያጅ ከስንጥቁ የወጣውን ክር አየና «ይሄማ ጨርቅ ነው፤ ጨርቅ እንዴት ይበየዳል?» ብሎ መለሰልኝ።

አክስቴ ካረፈች ሁለት ዓመት አለፋት። ከማረፏ አንድ ዓመት በፊት በነበረው በጋ አንድ ቀን ድንገት «ያ ኒሙሌ የምትይው አገር ምን አለበት? እስቲ አሳዪኝ» አለችኝ። በአውቶቡስ ሄድን። ድንበሩ ላይ ጥላ ሥር ተቀምጠን ለስላሳ ጠጣን። ማዶ ያለውን ኮረብታ፣ የተሰለፉትን ከባድ መኪኖች ዓይኗን ጠበብ አድርጋ አየችና «ይኸው ነው?» አለችኝ።

«ይኸው ነው» አልኳት፤ ሁለታችንም በሳቅ ፈረስን።

ስንመለስ ገና ከተማውን ሳንለቅ እንቅልፍ ወሰዳት። ራሷ ትከሻዬ ላይ አረፈ፤ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ሽበቷን ታሞቀዋለች። እግሬ ደነዘዘ፣ ክንዴም ደነዘዘ። እንዳትነቃብኝ ፈርቼ እስከ ጁባ ድረስ ንቅንቅ አላልኩም።