ፊቱ የጠፋበት ድንጋይ

ጋሽ ቀስታ ያሏቸው ያለ ነገር አይደለም። በቤተ ሙከራው ምድር ቤት ድንጋይ የሚሰነጥቁት እሳቸው ናቸው፤ ድንጋይ ሲባል ደግሞ የአጥር ድንጋይ እንዳይመስላችሁ። ዋሻ ውስጥ ከጣሪያው ውሃ ጠብ ጠብ ሲል፣ የያዘውን ኖራ ከሥር እያስቀመጠ፣ በሺህ ዓመታት እንደ ሻማ ወደ ላይ የሚያድግ ድንጋይ ነው። ዝናብ የበዛበት ዘመን ወፍራም መስመር ይተውበታል፣ ድርቅ ደግሞ ቀጭን። ሲሰነጠቅ የድሮ ሰማይ ምን ሲሠራ እንደነበረ ይነበባል። «ሺህ ዓመት የፈጀውን በአንድ ጠዋት ቁረጥ ትሉኛላችሁ? ቀስ!» ይላሉ ጋሽ ቀስታ መቁረጫ ማሽኑን እየደባበሱ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ እሳቸው ዘንድ ያለው እንቁላል ግን፣ ባልደረቦቻቸው እንደሚሉት፣ ገና ጫማውን እያሰረ ነው።

ሚስታቸው ለድንጋዩም ለቀስታውም ፊት ሰጥተው አያውቁም። ማሽኑ በውሃ ነውና የሚቆርጠው፣ ጋሽ ቀስታ ማታ የሚገቡት ከቅንድባቸው እስከ ካልሲያቸው ነጭ ጭቃ ተረጭተው ነው። «የወፍጮ ቤቱ ጌታ መጣ!» ይላሉ ሚስትየው በሩን ሲከፍቱ። በዚያ ሁሉ የሥራ ዘመን ለቤቱ የተረፈው አንድ የተበላሸ ቁራጭ ብቻ ነው፤ እሱም ነፋስ በሩን እንዳይዘጋው ይደገፍበታል።

ዘንድሮ ግን ከቀልድ ያለፈ ነገር መጣ። የድንጋዮቹ ተመራማሪ ዶክተሯ፣ ከአንድ ዋሻ አንድ ድንጋይ ብቻ እንድታወጣ ተፈቀደላት፤ ከዚያ ዋሻው ታሸገ። ጋሽ ቀስታ የድንጋዩን ሁለት ጫፍ ከርክመው፣ ለሁለት ሰንጥቀው፣ አንደኛው ጫፍ ላይ በእርሳስ «ፊት» ብለው ጽፈው አስረከቧት። ከተከረከመ በኋላ ድንጋዩ ዱላ መስሎ ነበር፤ ከዚያች ቃል በቀር ላይና ታቹን የሚለይ ነገር አልነበረውም። ዶክተሯ መስመሮቹን አይታ «ዝናቡ ሄዶ ሄዶ መጨረሻው ድርቅ ነው» ብላ ተከዘች። ከዚያ የጥርስ ሐኪም መሣሪያ በመሰለች መሰርሰሪያ ዱቄት ወስዳ፣ ዕድሜው እንዲለካ ላከች።

ውጤቱ ሲመጣ ጉድ ነው። አዲስ መሆን የነበረበት ጫፍ ጥንታዊ፣ ጥንታዊው ደግሞ የትናንት ልጅ ሆኖ ተገኘ። ዶክተሯ ምድር ቤት ወርዳ ወንበር ላይ ዘፍ አለች።

«ጋሼ፣ ድንጋዩ ተበላሽቷል። ውሃ ገብቶ ዕድሜውን አዛብቶታል መሰለኝ። ነገ ለኃላፊዎቹ እነግራቸዋለሁ፣ ጥናቱ ይቆማል።»

«ማሽኑስ?»

«ይወሰዳል። እርስዎን ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ያዛውሩዎታል።»

ጋሽ ቀስታ ማሽኑን በሁለት እጃቸው ያዙ። ዕቃ ግምጃ ቤት! ዕድሜያቸውን ሙሉ የድሮ ዝናብ ሲከፍቱ የኖሩ ሰው፣ ወንበርና መጥረጊያ ሊጠብቁ!

ማታ ሾርባው ቀረበላቸው። ማንኪያውን እንደያዙ ፈዘዙ።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ነካህ?» አሉ ሚስትየው። «በፊት እንዲህ አልነበርክም! በፊት ቢያንስ ሾርባው ጨው በዛበት ትል ነበር። እንዲህ እያደረገህ ወደ ፊት ምን ልትሆን ነው?»

ማንኪያው ሾርባው ውስጥ ወደቀ።

«ምን አልሽ?»

«ወደ ፊት ምን ልትሆን ነው አልኩ!»

«ከዚያ በፊት ያልሽውስ?»

«በፊት እንዲህ አልነበርክም ነዋ! ጆሮህም ድንጋይ ሆነ እንዴ?»

ጋሽ ቀስታ ድንጋዩ ላይ «ፊት» ብለው የጻፉት «በፊት» ለማለት ነበር፤ ቀድሞ የተወለደውን የታችኛውን ጫፍ። ዶክተሯ ደግሞ «ወደ ፊት» ብላ አነበበችው፤ ድንጋዩ እያደገ የሚሄድበትን የላይኛውን ጫፍ። ድንጋዩ ጤነኛ ነው። ተዘቅዝቆ ነው የተነበበው።

ደስ አላቸው፤ ደስታው ግን ወዲያው ከዳቸው። ዝም ካሉ የሚወቀሰው ድንጋዩ ነው። ከተናገሩ ግን የዶክተሯን ልፋት በአንዲት ቃል ገደል ሊከቱት የነበሩት እሳቸው መሆናቸው ይታወቃል፤ ያኔ ግምጃ ቤቱም ሊቀርባቸው ይችላል። ጉዳቸውን ለሚስታቸው ዘርዝረው «ምን ይሻለኛል?» አሉ።

«ምን ይሻላል ብሎ ነገር አለ? ሄደህ ፊት ለፊት ንገራት!»

«እንዴ! አሁን ደግሞ ሦስተኛ ፊት አመጣሽብኝ?»

በማግስቱ ጋሽ ቀስታ ሮጡ። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለሉ ሲወጡ ዘበኛው እሳት የተነሣ መስሎት ባልዲ ይዞ ተከተላቸው። ዶክተሯ ወደ ኃላፊዎቹ ልትገባ በሩ ላይ ደርሳለች።

«ዶክተር! ፊቱ... ፊቱ በኋላ በኩል ነው!»

«የማን ፊት?»

«የድንጋዩ! ጥፋቱ የኔ ነው። እኔ የጻፍኩት በፊት ለማለት ነው፣ እርስዎ ያነበቡት ወደ ፊት ብለው ነው።»

የዶክተሯ ፊት ጠቆረ። ጋሽ ቀስታ ‘በቃ፣ ግምጃ ቤት እንኳ አይደርሰኝም’ አሉ በልባቸው። እሷ ዕድሜዎቹ የተጻፉበትን የድንጋዩን ፎቶ ከቦርሳዋ አውጥታ ዘቀዘቀችው። ዕድሜዎቹ አያት፣ አባት፣ ልጅ ሆነው በየቦታቸው ቆሙ። ትክ ብላ አየችና «ጋሼ፣ ድርቁ እኮ መጨረሻው አይደለም! መጀመሪያ ላይ ነው። ዝናቡ ተመልሷል!» ብላ ሳቀች፤ እየሳቀች እንባዋ መጣ። ከዚያ ንዴቷ ትዝ አላት። «ሁለተኛ ፊት የሚባል ቃል ድንጋይ ላይ እንዳላይ! ቀስት ይሣሉ፣ ቀስት!»

«ቀስቱ ወዴት ይዙር?»

«ወደ ፊ...» ብላ አፏን ያዘች። «ወደ ላይ!»

ማሽኑ ከነጌታው ባለበት ቀረ። ጋሽ ቀስታ ያን ቀን ሌላ ድንጋይ ሲቆርጡ ውለው፣ እንደ ወትሮው ነጭ ጭቃ ለብሰው ቤት ገቡ። የሆነውን ሁሉ ሲተርኩ ሚስትየው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«እንግዲያው እኔንም ዘቅዝቃችሁ አንብቡኛ! ወጣት ሆኜ እገኝ ይሆናል።»

ጋሽ ቀስታ አልቸኮሉም። መች ልማዳቸው ሆነና። ሚስታቸውን አየት አደረጉና፣ «አንቺን በየት በኩል ቢያነቡሽ ያው ነሽ» አሉ። «በፊትም፣ ወደ ፊትም።»

ሚስትየው ፎጣ አምጥተው የባላቸውን ቅንድብ ራሳቸው ጠረጉላቸው፤ ቀስ ብለው።